የታጠበ ደም

«ማን ሞተ?» አሉ ጋሽ ባስልኤል።

አግዳሚ ወንበር በጀርባዬ ተሸክሜ ስለነበር ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ያየሁት እግራቸውን ብቻ ነው። ካልሲ አድርገዋል። በዚህ ሙቀት እሳቸው ካልሲ የሚያደርጉት ለለቅሶ ብቻ ነው።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ የዕድሩን ወንበር ምን አስወጣው?»

«ማክሰኞ ነው እኮ። የደም ቀን።»

 ወንበሩን አውርጄ ቀና ስል ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው ቆመዋል። የዕድራችን ሊቀመንበር ናቸው፤ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ማንም ሰው ለእሳቸው ሳይነገራቸው ሞቶባቸው አያውቅም።

«እኔማ ኤልዳና መስላኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሁለት ቀን ሙሉ በረንዳዋ ላይ አላየኋትም።»

«እሳቸውማ ደህና አሉ። ትንሽ ትኩሳት ነው።»

«ነጯን ሰጥተሃታል?»

«ከቅዳሜ ጀምሮ።»

«ተባረክ» አሉኝና ካልሲያቸውን ሊያወልቁ ተመለሱ።

በብሎክ ዐሥራ አራት፣ ደረጃ ሁለት፣ በአንድ መወጣጫ የምንኖር ሃያ አባወራ ነን። እኔ የዕድሩ ዕቃ ጠባቂ ነኝ፤ በሙያዬ ቧንቧ ሠራተኛ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቶቹና አግዳሚዎቹ በእኔ እጅ ናቸው። ድንኳኑን መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደዘረጋነው ረስቼዋለሁ። አዳማ ላይ አሁን ባለው ሙቀት ለቀስተኛን ድንኳን ውስጥ ማስቀመጥ ሁለተኛ ቀብር መጥራት ነው። አግዳሚዎቹ ግን በየማክሰኞው ይወጣሉ፤ ሰው ተራውን የሚጠብቀው ተቀምጦባቸው ነው።

ሲስተር አስካለ ከጠዋቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በባለሦስት እግር ባጃጇ የደም መመርመሪያ ማሽኑን ጭና ትመጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ስሟ የቅድመ አያቷ ነው። ዛሬ ልጅ ሲወለድ አስካለ፣ ደብሪቱ፣ ማንጠግቦሽ ነው የሚባለው። ኤልዳናና ባስልኤል የሽማግሌ ስም ሆነዋል።

ሰው ሁሉ በተራው ክንዱን ቀዳዳው ውስጥ ያስገባል። ማሽኑ ይጠጣል። ሲስተር ከቅጹ ላይ ታነባለች፤ ጥያቄ ሰባት ላይ ስትደርስ «ባለፉት ዐሥር ቀናት ውስጥ የፈንገስ መድኃኒት…» ትላለች። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳ አታውቅም። ቅዳሴ ላይ ሕዝቡ እንደሚመልሰው «የለም!» እንላለን። ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ በየሰዉ ስም አጠገብ መብራት ይበራል፤ ወይ አረንጓዴ ወይ ቀይ።

ቀይ ማለት የደም እርሾ ነው። ሐኪሞቹ ረጅም ስም አውጥተውለታል፤ እኛ ግን የምንለው እንደዚህ ነው። ዱሮ ሆስፒታል ተኝቶ የከረመ ሰው ነበር አሉ የሚይዘው። ከሞቃቶቹ ዓመታት ወዲህ ግን በቁስልም፣ በጉሉኮስ መርፌም፣ በኦፕራሲዮንም ይገባል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ እንደ ዘመድ ነው፣ መቼ እንደሚወጣ አይጠየቅም። አንድ መብራት ቀይ ከሆነ ሰውየው ሆስፒታል አልጋ ያገኛል። የቀረነው ደግሞ ሃያ አንድ ቀን እንታሸጋለን። የብረቱ በር ከውጭ ይቆለፋል፤ ዳቦ በገመድ ይሳባል። የባትሪ ፋብሪካው ሠራተኛውን በሁለተኛው ቀን ይተካል። ደረጃ ሦስት የዛሬ ሁለት ዓመት ታሽጎ ሲከፈት፣ ፋብሪካ ይሠሩ ከነበሩት ስምንት ሰዎች ወደ ቦታው የተመለሰው አንድ ብቻ ነው። እሱም የዘበኛው ወንድም ስለሆነ ነው ይባላል።

ስለዚህ ነጯ አለች።

ጤና ጣቢያው ለእያንዳንዱ ቤት በወር ሁለት ነጭ እንክብል ያድላል፤ ለአፍ ቁስል። እኛ አንውጣትም። ተሰብስባ በእኔ ቤት ባለው የዕድሩ ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች። ትኩሳት የተሰማው ሰው ቅዳሜ መጥቶ አራት ይወስዳል፤ በቀን አንድ እየዋጠ ማክሰኞ ይደርሳል። መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ይህን ማጭበርበር ብሎ የጠራው ሰው የለም፤ ስሙ መተሳሰብ ነው። ደረጃ ሁለት ስድስት ዓመት ሙሉ ቀይ አላየም። የምስክር ወረቀትም ተሰጥቶናል፣ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። በመስተዋት ያስገባሁት እኔ ነኝ።

እትዬ ኤልዳና ሦስተኛ ፎቅ ብቻቸውን ይኖራሉ። ለቀን ሠራተኞች ከፀሐይ የሚከልል የጥላ ካባ ይሰፋሉ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ከመርፌያቸው ይቀድማል። የዛሬ ሁለት ወር ግድም አንጀታቸውን ታክመው ነበር፤ ሆዳቸው እስኪሽር ሦስት ሳምንት በደም ሥራቸው ነው የተመገቡት። ሲመለሱ በእልልታ ተቀበልናቸው። ትኩሳቱ የጀመራቸው ከዚያ በኋላ ነው።

የዚያን ማክሰኞ ደግፌ አወረድኳቸው። ሦስተኛው ማክሰኞአቸው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ «የለም» አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ዐሥር ሰዓት ላይ አረንጓዴ በራላቸው። ሴቶቹ እልል አሉ።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አልኳቸው።

«ምን አገኘሁ?» አሉኝ። ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

ሲስተር ግንባራቸውን ነካች። መለካቱንም ለካች። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ስድስት። መብራቱን አየች፤ እሳቸውን አየች፤ እንደገና መብራቱን አየች።

«እትዬ፣ ይኼ ትኩሳት ነው።»

«እሱንማ እኔም ነግሬሽ ነበር።»

«ደምዎ ግን ንጹህ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ። አልጋ የሚፈቀደው ለቀይ ብቻ ነው።» ድምጿ ደክሟል፤ ከእኛ በኋላ ሦስት ደረጃ ዞራ ነው የተመለሰችው። «የአየሩ ሙቀት ይሆናል። ውሃ ይጠጡ።»

«እሺ። ማሽኑ ደህና ነሽ ካለኝ እኔ ማን ነኝና ታመምኩ እላለሁ?»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ ውሃ ይዤላቸው ወጣሁ። የስፌት ማሽናቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ጨርቅ ዘርግተው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፣ ግን አይሰፉም።

«ጉልላት፣ እስቲ ያቺን ዝንብ አባርልኝ።»

ጨርቁን አየሁ። ዝንብ የለም። እንዲያው ለወጉ እጄን አወናጨፍኩ።

«ሄደች» አልኩ።

«ውሸታም። አሁንም አለች።» ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። «አሁን ሄደች።» መዳፋቸውን አነሡ። «መጣች። ሦስት ቀን ሆናት። እንዲህ ያለ ታማኝ ዝንብ አይቼ አላውቅም።»

«ዓይንዎ ውስጥ ናት?»

«ውስጥ ናት። ትናንት አንዲት ነበረች፤ ዛሬ ልጆቿን አምጥታለች።»

ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ነጯን በሚወስዱባቸው ቀናት፣ እሑድና ሰኞ፣ ትንሽ ይሻላቸዋል፤ ማክሰኞ ያቆማሉ፤ ሐሙስ ላይ ይንቀጠቀጣሉ። ያለፈው ሳምንትም እንደዚሁ ነበር። ከዚያ በፊትም። እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ስለ ደም የማውቀው ቀይ መሆኑን ነው። ስለ ታንከር ግን አውቃለሁ። የታንከሩ ታች ጭቃ ሲይዝ፣ ሰነፍ ቧንቧ ሠራተኛ ቧንቧውን ብቻ አጥቦ ይሄዳል። ውሃው ሁለት ቀን ጥርት ብሎ ይወርዳል። ባለቤቱ ይመርቀዋል። ጭቃው ግን እዚያው ነው፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ይመጣል።

እኔ ለእትዬ ኤልዳና ሦስት ሳምንት ቧንቧ ሳጥብ ነው የከረምኩት።

ወደ ጋሽ ባስልኤል ወረድኩ። እግራቸውን በር ላይ ዘርግተው ራሳቸውን በካርቶን ያራግባሉ።

«ጋሼ፣ ለሲስተር ልነግራት ነው።»

«ምኑን?»

«ነጯን። ለእትዬ ኤልዳና ስሰጥ እንደነበር። ዓይናቸው ላይ ወጥቷል።»

ካርቶኑን አቆሙ። «ነጯ መድኃኒት አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«ታዲያ ጨምርላት! በቀን ሁለት አድርግላት። ከብልቃጡ ሁሉንም ስጣት፣ እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ዐሥራ አንድ ነው የቀረው። ይኼ ደግሞ የአፍ ቁስል መጠን ነው፤ ለደም ስንት እንደሚያስፈልግ እኔም አላውቅ፣ እርስዎም አያውቁ።»

«ጉልላት፣ ልጄ» አሉ፤ ልጄ ሲሉኝ ሊያሸንፉኝ ነው። «ከዚህ ደረጃ ዘጠኝ ሰው ፋብሪካ ይገባል። ዘጠኝ ቤት ነው። አንዷ ሚስትህ ናት። የጎረቤታችን የዘላለም ልጅ እንኳ ሥራ የጀመረችው ባለፈው ሳምንት ነው። ኤልዳና ራሷ ብትጠየቅ አሽጓቸው ትላለች?»

«አይሉም።»

«አየህ!»

«ለዚህ ነው እሳቸውን ያልጠየቅኳቸው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ልሄድ ስል፣ «እኔን አማክሮኛል እንዳትል» አሉኝ። ሊቀመንበር ሲሆኑ እንደዚህ ነው።

ለሚስቴ የዚያን ዕለት ነገርኳት። ማዕድ እያነሣች ነበር። ሳህኑን እንደያዘች፣ «ታዲያ ለእኔ የምትነግረኝ ፈቃድ ፈልገህ ነው ወይስ እንዳልደነግጥ?» አለችኝ። እንዳትደነግጪ አልኳት። «ደንግጫለሁ» አለችና ሳህኑን አስቀመጠች።

ዓርብ ጠዋት ሲስተር አስካለን ጤና ጣቢያው ውስጥ አገኘኋት። ጠረጴዛዋ ሥር በውሃ የተሞላ ሳፋ አለ፤ እግሮቿን ነክራ ቅጽ ታገላብጣለች።

«ሲስተር፣ ጥያቄ ሰባት ላይ የሚታረም ነገር አለኝ።»

«የማን?»

«የእትዬ ኤልዳና።»

«የእሳቸው ብቻ?»

«…ለጊዜው።»

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። አልደነገጠችም። ቅጹን ፈልጋ አወጣች፤ እስክሪብቶ ከፈተች።

«ስንት ወሰዱ?»

«ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ በቀን አንድ። ሦስት ሳምንት።»

«ዐሥራ ሁለት። የመጨረሻዋን መቼ?»

«ማክሰኞ ጠዋት። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ጋሽ ጉልላት፣ የእኔ ማሽን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደሙ ውስጥ በሕይወት ያለ እርሾ ካለ ያሳድገዋል፤ አድጎ ሲታየው ቀይ ያበራል። እናንተ መድኃኒቱን አስቀድማችሁ ታጠጡታላችሁ። የሚያሳድገው አጥቶ አረንጓዴ ያበራል። አረንጓዴ ማለት የለም ማለት አይደለም። አላገኘሁም ማለት ነው።»

«እና የቀረው?»

«ተደብቆ ይቀመጣላ። ልብ ላይ፣ ኩላሊት ላይ። ዓይን ውስጥ። በዐሥራ ሁለት እንክብል አይነቃነቅም፤ ደም ውስጥ የወጣውን ብቻ ነው የምትጠርጉለት።»

«ታንከር» አልኩ።

«ምን?»

«የለም፣ ምንም። ዓይናቸው ላይ ዝንብ ይታያቸዋል።»

እግሮቿን ከሳፋው አወጣች። ያኔ ነው የደነገጠችው። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰኞ።»

«ማክሰኞ እዚያ ነበርኩ እኮ!»

«የጠየቅሽው ስለ መድኃኒት ነው። ስለ ዝንብ ጥያቄ የለም።»

ጫማዋን በእርጥብ እግሯ እያደረገች አወራችኝ። ሆስፒታል ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱ እርሾው እስኪያድግ አይጠብቅም፣ የሞተውም ቢሆን ደም ውስጥ ጥሎት የሄደውን ፍርስራሽ ይፈልጋል። መድኃኒት የወሰደ ሰው ላይም ያገኛል፤ ሁልጊዜ ባይሆንም። እሱም ቢሆን ለዘላለም አይጠብቅም፣ ቀን በጨመረ ቁጥር ምልክቱ እየሳሳ ይሄዳል።

«ታዲያ ያንን ለምን ለሁሉም አታደርጉትም?»

«የሚፈቀደው መድኃኒት ለወሰደ ሰው ብቻ ነው።» የቅጾቹን ክምር በክርኗ አሳየችኝ፤ እስከ መስኮቱ ይደርሳል። «በዚህ ከተማ ደግሞ መድኃኒት የወሰደ ሰው የለም። ሁሉም ቅጹ ላይ የለም ብሏል። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሳይቀር ሰው ተኝቷል፣ የእኔ ሰሌዳ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አረንጓዴ ነው። በየማክሰኞው የማውቅ ይመስለኛል። ግን መጠርጠር ጥያቄ ሰባትን አይሞላም።» ቅጹን ወደ እኔ ገፋችው። «ደረጃው እንደሚታሸግ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

ፈረምኩ። ፊርማዬ የቧንቧ ሠራተኛ ፊርማ ነው፤ የትም ብፈርም ያፈሰሰ ይመስላል።

መኪናው ከሰዓት በኋላ መጣ። እትዬ ኤልዳና ደረጃውን በቃሬዛ ሲወርዱ በየበሩ ሰው ቆሞ ነበር። ማንም እልል አላለም። እኔ አጠገብ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«አንተ ነህ የተናገርከው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሳታማክረኝ።»

«ባማክርዎ እምቢ ይሉ ነበር።»

«እል ነበር» አሉ። ራሳቸውን መልሰው አስተኙ። «ያልጨረስኩት ካባ አለ። ለሰውየው ደውልለት።»

ቅዳሜ ውጤቱ መጣ። ሌላኛው ምርመራ አግኝቶታል፤ ምልክቱ ቀጭን ነበር አሉ፣ ሳምንት ቢያልፍ ላይታይም ይችል ነበር። ያን ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ከውጭ ተቆለፈ። ቁልፉ ሲዞር የሰማው ሰው ሁሉ ወደ እኔ በረንዳ ቀና አለ።

እሽግ መሆን የሚከብድ ነገር የለውም፤ መሰልቸት ብቻ ነው። ጠዋት ዳቦ በገመድ ይመጣል። ቀን ሙቀቱ ይተኛል፣ እኛም እንተኛለን። የሦስተኛው ፎቅ ልጆች ከአራተኛው ፎቅ ልጆች ጋር በደረጃው እየተጯጯሁ ይጣላሉ። ሰኞ የፋብሪካው መልእክት ለዘጠኙም እኩል ደረሰ፤ አጭር ነበር። ሚስቴ አንብባ ስልኩን አስረከበችኝ፣ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። እስከ ሐሙስ ድረስ ለእኔ ያለችው ቃል ሦስት ነው፦ «ጨው»፣ «ዝጋው» እና «ተወው»። የዘላለም ልጅ በደረጃው ላይ ስታልፈኝ ሰላም ትለኛለች። ባትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ሲስተር በበሩ ፍርግርግ በኩል ደማችንን ወሰደች። ዐሥራ አንዱን እንክብሎች ዓርብ ዕለት ከእኔ ተረክባ ስለነበር በዚያ ምርመራ ነጯን የዋጠ ሰው አልነበረም። ጥያቄ ሰባትን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ሁሉም ሰምቶ አሰበበት። ሦስት መብራት ቀይ ሆነ። የማን የማን እንደሆነ አልጽፍም፣ ጎረቤት ነን። አንደኛው ግን ከአንድ ቀን በፊት «ጉልላት ደረጃችንን አዋረደ» እያለ በደረጃው ሲዞር የነበረ ነው። አልጋ አግኝቶ ሲሄድ እጄን ጨበጠኝ፤ ላብ ይሁን ምስጋና አልለየሁትም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ሆስፒታሉ የእትዬ ኤልዳናን የቀጥታ ምስል በመግቢያው ግድግዳ ላይ ላከልን። ሰው ሁሉ ወርዶ ደረጃው ላይ ተደራርቦ ተቀመጠ። ከትራስ ላይ ቀና ብለዋል፣ ከስተዋል። ግራ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፍኗል። ሐኪሙ አጠገባቸው ቆሞ ነገረን፤ ልባቸው ተርፏል፣ ትኩሳቱ ወርዷል፣ መድኃኒቱን በደም ሥር ገና ብዙ ሳምንት ይወስዳሉ። ግራ ዓይናቸው ግን አይመለስም። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና፣ የደረጃውን ሰው አይቶ አልጨረሰውም።

 የእኔ ዓይኖች መሬት ላይ ነበሩ።

ጋሽ ባስልኤል ተነሡ። ሊቀመንበር ናቸውና መነሣት ነበረባቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኤልዳናዬ» አሉ፤ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፣ የእውነት ነበር። «ይቅር በይን። ክፋት አስበን አይደለም። አንቺ ብቻ ድነሽ ነይ እንጂ ሁላችንም እንካስሻለን። ይኼ ደረጃ እንዳለ፣ ሃያውም ቤት ተባብሮ ይንከባከብሻል።»

እትዬ ኤልዳና በቀረችው ዓይናቸው ረድፍ በረድፍ አዩን፤ ከላይኛው ደረጃ እስከ ታችኛው፣ ማንንም ሳይዘሉ። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ።

«ዶክተር፣ እዚሁ ብቆይ ይሻል ይሆን?»